አንድ ትልቅ ቱርቦ በሮታሪ ሞተር ላይ፦ የአርኤክስ-7 ማኒፎልድ በእጅ ሥራ

ሮተር ሁለት (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት አራት ወራት ቅዳሜና እሁዴን የወሰደውን ሥራ ይዤ መጥቻለሁ። መኪናው ማዝዳ አርኤክስ-7 ነው፤ ኤፍዲ የሚባለው፣ የ1994 ሥሪት። ማዝዳ ይህን መኪና ከ1991 መጨረሻ እስከ 2002 ድረስ ሠርቶታል። ወደ አሜሪካ የገባው ግን የ1993፣ የ1994 እና የ1995 ሥሪት ብቻ ስለሆነ መሪው በግራ የሆነ ደህና መኪና ማግኘት ዕድልም ትዕግሥትም ይጠይቃል። እኔ ያገኘሁት ቀለሙ ያማረ ነበር፤ ኮፈኑን ስከፍት ግን የጎማ ቱቦው ሁሉ በሙቀት ደርቆ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል።

ሞተሩ 13ቢ-አርኢደብሊው የሚባለው ሮታሪ ነው፤ በፒስተን ፈንታ ሦስት ገጽ ያለው ሮተር የሚዞርበት። ሁለት ሮተር፣ እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ፣ በድምሩ 1308 ሲሲ። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ትናንሽ የሂታቺ ቱርቦዎች (በጭሱ ኃይል እየዞሩ አየር ወደ ሞተሩ የሚነፉ) በተራ ይሠሩበታል፤ አንደኛው ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይነፋል፣ በደቂቃ 4500 ዙር አካባቢ ሁለተኛው ይቀላቀለዋል። ሐሳቡን እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ። ነገር ግን ያንን ተራ የሚያስጠብቁት ብዛታቸው የሚያደናግር ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎችና ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ትናንሽ ቫልቮች) ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ከተሰነጠቀች ሁለተኛው ቱርቦ ወይ ይዘገያል ወይ ጭራሹን አይመጣም። አንድ ዓመት ሙሉ የምታፈስ ቱቦ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ ሁለቱንም አውርጄ በአንድ ትልቅ ቱርቦ ልተካ ወሰንኩ።

ከማንኛውም ነገር በፊት ኮምፕረሽን፣ ማለት ሞተሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት፣ ለካሁ። የፊተኛው ሮተር ሦስት ገጾች 8.1፣ 8.0፣ 8.1፤ የኋለኛው 7.8፣ 7.9፣ 7.7። ሞተሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሦስቱ ገጾች ተቀራራቢ ባይሆኑ ኖሮ ይህን ሥራ አልጀምረውም ነበር።

የመረጥኩት ቱርቦ ቦርግዋርነር ኢኤፍአር 8374 ነው። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ የኮምፕረሰሩ መዘውር 83 ሚሊሜትር፣ የተርባይኑ 74 ሚሊሜትር። የተርባይኑን ቤት ባለ 1.05 ኤ/አር (የቤቱ ስፋት መለኪያ ነው) አድርጌዋለሁ። መግቢያው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለቱ ሮተሮች እሳት የሚያገኙት በየግማሽ ዙሩ እየተፈራረቁ ስለሆነ የአንዱ ጭስ የሌላውን እንዳይገፋ እስከ ተርባይኑ በር ድረስ ለየብቻ መሄድ አለባቸው።

ማኒፎልዱን፣ ማለት ጭሱን ከሞተሩ ወደ ቱርቦው የሚወስደውን ቧንቧ፣ በመጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀ ገዝቼ ነበር። ከሳጥኑ አውጥቼ ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ የብየዳው ጠብታ እንደ ሽምብራ ጓጉሎ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በዚህ ሙቀት አንድ ቀን ተነቅሎ በቀጥታ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል። መለስኩትና 304 ስቴይንለስ ቧንቧ ገዛሁ፤ የውጭ ስፋቱ 48.3 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2.77 ሚሊሜትር። ፍላንጆቹ (በቡሎን የሚታሰሩት የመገጣጠሚያ ብረቶች) 12 ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት አላቸው።

ፎቶዎቹ ላይ እንደምታዩት ሁለቱ ቧንቧዎች ከሞተሩ ወጥተው ወደ ላይ ታጥፈው ቱርቦውን ይይዛሉ። ዌስትጌቱ፣ ግፊቱ ሲሞላ ትርፉን ጭስ ከተርባይኑ የሚያርቀው በር፣ ባለ 44 ሚሊሜትር ነው፤ ቦታ ስለጠበበኝ ከሁለቱም ቧንቧዎች በዘጠና ዲግሪ የሚወጡ አጫጭር ቅርንጫፎች ሠርቼ አንድ ላይ አገናኝቼለታለሁ። እስካሁን ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የበየድኩት። ሙሉ ብየዳ ከመጀመሬ በፊት ስለ ብየዳው ቅደም ተከተልና ስለ ዘይት መመለሻው የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አርጎን (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ሥራዬ የግፊት ቧንቧ ብየዳ ስለሆነ በዚህ በኩል ላግዝህ እችላለሁ።

የገዛኸው ማኒፎልድ ውስጥ ያየኸው ጓል የሚመጣው የቧንቧው ውስጥ በአርጎን ሳይሞላ ሲበየድ ነው። ስቴይንለስ በጀርባው አየር ካገኘው ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጥቁር ሻካራ ቅርፊት ያወጣል። ከውጭ ስታየው ብየዳው የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ግን የተቦረቦረ ነው። ስለዚህ አፎቹን ሁሉ በአሉሚኒየም ወረቀትና በሙቀት የማይላጥ ቴፕ ዝጋ፤ በአንዱ በኩል አርጎን ቀስ ብሎ ይግባ፣ በተቃራኒው በኩል ትንሽ መውጫ ተውለት። አርጎን ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ከታች አስገብተህ ከላይ አስወጣው። ከመጀመርህ በፊት አየሩን ጠርጎ እስኪያወጣ ጥቂት ደቂቃ ታገስ።

የመሙያ ዘንጉ 308ኤል ይሁን። ፍላንጁ ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ ለዚያ መገጣጠሚያ ብቻ 309ኤል ያዝ።

በብየዳ ሙቀት የሚጣመመው ነገር ብዙ ጊዜ ፍላንጁ ነው። የሞተሩን ፍላንጅ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት ጋር በቡሎን አጥብቀህ እሰረው፤ ብየዳውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ አትጨርሰው፤ ሁለት ጣት ያህል በይደህ ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻገር። ጨርሰህ እጅህን እስኪያስቀምጥልህ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ቡሎኑን አትፍታ። ከዚያ በኋላም ፊቱን በማሽን ማስላጥ አይቀርልህም።

አንድ ነገር ደግሞ አስላ። ስቴይንለስ በእያንዳንዱ ሜትር በየአንድ ዲግሪው 18 ማይክሮሜትር ገደማ ይለጠጣል። የቧንቧህ ርዝመት 40 ሴንቲሜትር ቢሆንና 800 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 6 ሚሊሜትር ያድጋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቱርቦ ተንጠልጥሏል። ድጋፍ ሥራለት፤ ድጋፉ ግን ክብደቱን ይሸከም እንጂ ቧንቧው እንዳይላወስ ቀፍድዶ አይያዘው። ማኒፎልድ የሚሰነጠቀው ክብደቱና መለጠጡ ሲምታቱ ነው።

በረሃ (አቡዳቢ)

እኔ ኤፍዲ አለኝ፤ ሁለቱን የፋብሪካ ቱርቦዎች እንደያዘ ነው። ቱቦዎቹን በሙሉ በሲሊኮን ቀይሬ፣ ሶሌኖይዶቹን አንድ በአንድ በባትሪ ፈትኜ ገጥሜያቸዋለሁ፤ ያለችግር ይሠራል። ከመብራት ተነስቼ ፔዳሉን ስጫን ከ2000 ዙር ትንሽ ከፍ ሲል ጀምሮ ይጎትተኛል። ያንተ 8374 ሙሉ ግፊቱን የሚሰጥህ 3500 ካለፈ በኋላ ይመስለኛል። ከተማ ውስጥ የምትነዳው መኪና ከሆነ ያጣኸውን ነገር በየቀኑ ታስታውሰዋለህ። ውሳኔህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህን ውይይት የሚያነቡ ሰዎች የፋብሪካው ሥርዓት በራሱ መጥፎ ነው ብለው እንዳይረዱት እፈልጋለሁ። ያረጀ ጎማ ነው መጥፎው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ። ዌስትጌትህን አልወደድኩትም። እሱ ነገር ቀልድ የለውም።

የሮታሪ ሞተር ጭስ እንደ ፒስተን ሞተር በቫልቭ በኩል ተጨምቆ አይወጣም። የሮተሩ ጫፍ ቀዳዳውን እንዳለፈ ጭሱ ገና እየነደደ በሙሉ ኃይሉ ይወረወራል፤ ሙቀቱ በቀላሉ ከ900 ዲግሪ ያልፋል። ያ ሁሉ ጭስ በፍጥነት ሽቅብ እየሄደ ሳለ በዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ወደ ዌስትጌት እንዲገባ ነው የጠየቅከው። ለምን ይታጠፋል? ከፊቱ ሰፊ የተርባይን በር ተከፍቶለታል። ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለ እንኳ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ወደ ላይ ይሳባል። እዚህ አንድ ጓደኛዬ በዚሁ መንገድ ሞተሩን አጥቷል። አፔክስ ሲል የሚባለው የሮተሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ብረት 2 ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ነዳጅ ሲያንስና ቃጠሎው ወደ ፍንዳታ ሲለወጥ ይሰበራል፤ ስባሪው በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ይወጣና ተርባይኑን ይመታል። በአንድ ሰከንድ ሞተርም ቱርቦም ሄደ ማለት ነው።

በተጨማሪ የውሃ ሙቀት ጌጅ ካልቀየርክ ቀይር። የኤፍዲ የዳሽቦርድ ጌጅ ሙቀቱ ብዙ ከፍ እስኪል ድረስ መርፌው መሃል ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። መርፌው ሲነሳ ያየ ሰው የውሃ ማኅተሞቹ ከተጎዱ በኋላ ነው ያየው። እዚህ በሐምሌ ጥላ ሥር 45 ዲግሪ ስለሚሆን ይህን በቁጥር አውቀዋለሁ።

ሮተር ሁለት

አርጎን፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። የአርጎን ማስገቢያዬ ከላይ ነበር፤ ዛሬውኑ ገልብጬዋለሁ።

በረሃ፣ ስለ ፋብሪካው ሥርዓት የተናገርከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። የዲጂታል ጌጅ ገጥሜያለሁ፤ ራዲያተሩንና ኢንተርኩለሩንም (ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) በቪ ቅርጽ ስላስቀመጥኳቸው ሁለቱም የየራሳቸውን አየር ያገኛሉ። ስለ ዌስትጌቱ ግን ቅርንጫፎቹ አጭርና ሰፊ ስለሆኑ ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ። ሌላ መንገድ ብወስደው የመሪው ዘንግ ይነካኛል። በዚሁ ሞክሬ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

ጀማሪ (አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሜካኒካል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። 1300 ሲሲ ሞተር እኛ ሰፈር ካሉት ትናንሽ መኪኖች ጋር እኩል ነው። እንዴት ነው ይህን የሚያህል ቱርቦ የሚሸከመው?

ሮተር ሁለት

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የዚህ ሥራ መሠረት ነው።

ሮተሩ ሦስት ገጽ አለው። እሱ አንድ ጊዜ ሲዞር መሃሉ ያለው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የዘንግ ዙር እያንዳንዱ ሮተር አንድ ጊዜ እሳት ያገኛል። በአራት ምት በሚሠራ የፒስተን ሞተር ግን አንድ ሲሊንደር እሳት የሚያገኘው በየሁለት ዙሩ ነው። በአንድ ዙር 1308 ሲሲ በሙሉ የሚተነፍስ ሞተር፣ አየር በመጠጣት ከ2.6 ሊትር የፒስተን ሞተር ጋር እኩል ነው።

አሁን በ7500 ዙር አባዛው፦ በደቂቃ 9810 ሊትር። በባሕር ወለል ላይ ያ ወደ 12 ኪሎ የሚጠጋ አየር ነው፤ ያለ ምንም ቱርቦ። በአንድ ባር ግፊት ስትነፋው፣ ሙቀቱ የሚቀንሰው ቢኖርም፣ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ያ አየር ሁሉ ነዳጅ ተጨምሮበት፣ ነድዶ፣ በሁለት ቀዳዳ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው የሮታሪ ሰዎች ከተርባይኑ ቤት ሰፋ ያለውን የምንመርጠው። የጠበበ ቤት ከታች ቶሎ ይነሳል፤ ከላይ ግን ጭሱን ያንቃል፤ የታነቀ ሮታሪ ደግሞ ትኩስ ጭሱን መልሶ ይስባል፤ ሙቀቱም ይብስበታል።

ነዳጁም እንዲሁ ነው። ሮታሪ ከፒስተን ይልቅ ይጠጣል። 450 የፈረስ ጉልበት ለማውጣት በደቂቃ ወደ 3 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። የፋብሪካዎቹ አራት ኢንጀክተሮች፣ ሁለቱ 550 ሁለቱ 850፣ ያለ ዕረፍት ተከፍተው ቢውሉ በደቂቃ 2800 ሲሲ ነው የሚሰጡት። አራቱንም በ1000 ለውጬ ፓምፑንም በሰዓት 450 ሊትር በሚሰጥ ተክቼዋለሁ፤ ለፓምፑም ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ዘርግቼለታለሁ።

የናፍጣ ሰው (አዲስ አበባ)

ልጆቼ፣ እኔ ሮታሪ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ቱርቦ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ አብዛኛው የአይሱዙና የሲኖትራክ ነው። ስለ ዘይት መመለሻው የተጠየቀ ነገር ስላለ ልናገር።

ሰው ቱርቦውን ተሸክሞ ይመጣና «ዘይት ይበላል፣ ሞቷል» ይለኛል። ፈትቼ ሳየው ኩሽኔታው ደህና፣ ዘንጉ ደህና። ጥፋቱ ያለው መመለሻው ቱቦ ላይ ነው። ወደ ቱርቦ የሚገባው ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ ነው፤ የሚወጣው ግን በገዛ ክብደቱ ነው። አረፋ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ አረፋ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። መመለሻው ከቀጠነ፣ ከተጣመመ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ እንደ ጉልበት ከታጠፈ ዘይቱ ይጠራቀምና በማኅተሙ በኩል ወደ ተርባይኑ ይሾልካል። ነጭ ጭስ ታያለህ፤ ቱርቦው ግን ምንም አልሆነም።

ስለዚህ መግቢያው ቀጭን ይሁን፤ ያንተ ቱርቦ ባለ ኳስ ኩሽኔታ ስለሆነ ማጥበቢያ ያስፈልገው እንደሆነ የአምራቹን መመሪያ ተመልከት። መመለሻው ግን ቢያንስ የአውራ ጣት ውፍረት ኖሮት ያለ ምንም ሽቅብ ቁልቁል ይውረድ። በሞተሩ ላይ የሚገባበት ቦታም ከዘይቱ ወለል በላይ ይሁን። እኔ ከመዝጋቴ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር አደርጋለሁ፦ መመለሻውን ብቻ ገጥሜ ከላይ በኩባያ ዘይት አፈስበታለሁ። ሳይጠራቀም በአንድ ጊዜ ካልወረደ እንደገና እሠራዋለሁ።

ለተማሪው ልጄ ደግሞ ይህን ልጨምርለት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያልፋል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ ቱርቦው አንድ ባር እንዲጨምር ብትጠይቀው የሚሠራው ሥራ ባሕር ዳርቻ ካለው ይበልጣል፤ እጥፍ ሳይሆን ከሁለት እጥፍ ከሲሶ መጭመቅ አለበት፤ ለዚያም በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል። ከቆላ መጥቶ እዚህ ቱርቦ የሚያቃጥል ሹፌር ብዙ ነው። ኮምፕረሽን ስትለካም እዚሁ ቁጥሩ ዝቅ ይልብሃል፤ ሞተሩ አርጅቶ ነው ብለህ አትደንግጥ።

ሮተር ሁለት

ጋሼ፣ የኩባያውን ፍተሻ ዛሬ ማታ አደረግሁት። ዘይቱ ተጠራቀመ። በኢንተርኩለሩ ቧንቧ ሥር ለማሳለፍ ስል ትንሽ ሽቅብ አድርጌው ኖሯል፤ በዓይን አይታይም ነበር። አስተካክዬ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ኩባያ ሳይቆም ወረደ። ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ጭሱን አይቼ ጥፋቱን በቱርቦው ላይ ነበር የማደርገው። እጅግ አመሰግናለሁ።

ሮተር ሁለት (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሞተሩ ተነሳ፤ ዘይት አያፈስም፤ ጭስ የለውም። አሁን መጥፎውን ልንገራችሁ።

ዌስትጌቱን ዘግቶ የሚይዘው ስፕሪንግ በ0.7 ባር የሚለቅ ነው። ኮምፒውተሩን ያለ ምንም ጭማሪ በስፕሪንጉ ብቻ እንዲሠራ አድርጌ፣ ግፊቱ 1.1 ባር ከደረሰ ሞተሩን እንዲያቆም አዝዤ ወጣሁ። በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን ሙሉ ተጫንኩ። 3700 ዙር ላይ 0.7 ደረሰ፤ ድምፁና ጉልበቱ የሚያስደስት ነበር። 5000 ላይ 0.78። 5800 ላይ 0.9። ዓይኔ ጌጁ ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቆመም። 6400 ላይ 1.04 ሲል እግሬን አነሳሁ። የአየርና የነዳጅ ምጣኔው 11.2 ላይ ስለነበር፣ እሳቱንም ወደኋላ አዘግይቼው ስለነበር ሞተሩን አልጎዳሁትም። መኪናውን ዳር አቁሜ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

በረሃ፣ ያልከው ሆነ። በዚያ ቀን ብሰማህ ኖሮ ሦስት ሳምንት አተርፍ ነበር። ቤት ገብቼ እንደገና ኮምፕረሽን ለካሁ፤ ቁጥሮቹ እንደ ነበሩ ናቸው።

ጀማሪ

ስለተረፈ እንኳን ደስ ያለህ። ስፕሪንጉን በ0.5 ብትቀይረው ቀድሞ ስለሚከፈት ግፊቱ አይወርድም ወይ?

በረሃ

ወንድሜ፣ እንኳን እግርህን አነሳህ። ዋናው እሱ ነው።

ለጀማሪ፦ አይወርድም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 5000 ዙር ላይ ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል። ስፕሪንጉ ሥራውን ጨርሷል። ችግሩ በሩ አለመከፈቱ ሳይሆን ጭሱ ወደ በሩ አለመሄዱ ነው። እንዲያውም ዝቅተኛ ግፊት ለመያዝ ትልቅ ዌስትጌት ያስፈልጋል፤ በ0.5 ባር መቆም ከፈለግህ ከተርባይኑ ማራቅ ያለብህ ጭስ በ1.2 ባር ከምታርቀው ይበልጣል። በ1.2 ግፊቱ ወደ ላይ የማይሳብበት መኪና በ0.6 ሊሳብበት የሚችለው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ሰው የጭስ ማውጫውን ከኋላ በማጥበብ ያስተካክለዋል። ግፊቱ ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ለሮታሪ ይህን አልመክርም። ቅርንጫፉን ቆርጠህ ጣለው። ጭሱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ቀስ ብሎ የሚገነጠል መንገድ ሥራለት፤ ለእያንዳንዱ ቧንቧ የራሱ ዌስትጌት ይኑረው።

አርጎን

ስትቆርጥ ከድሮው ብየዳ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ርቀህ ቁረጥ፤ ያ ዳር አንዴ ሞቆ ተዳክሟል። አዲሱን ቅርንጫፍ በቧንቧው መታጠፊያ ውጫዊ ጎን ላይ አውጣው፤ ጭሱ በገዛ ፍጥነቱ ወደዚያ ይገፋል። ቀዳዳውን ከበየድክ በኋላ ሳይሆን በፊት ቅርጽ አስይዘው፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው፤ ስለታም ጠርዝ ቶሎ ይቀልጣል፣ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። የመሪው ዘንግ ይነካኛል ያልከውን በካርቶን ሞዴል ፈትነው፤ ቱርቦውን በጥቂት ዲግሪ ብታዞረው ቦታ ይሰጥሃል ብዬ እገምታለሁ።

ሮተር ሁለት (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተሳክቷል። ዝርዝሩን እጽፋለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት።

መጀመሪያ የቆረጥኩትን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ይህን ሁላችሁም እንድታዩት እፈልጋለሁ። ዋናው ቧንቧ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ ተለስልሷል፤ ጭሱ እየጠረገው የሄደበት ነው። ቅርንጫፉ ውስጥ ግን ጭሱ መጀመሪያ የሚደርስበት የአፉ ግማሽ ላይ ጥቁር ጥላሸት እንደ ቬልቬት ተኝቷል፤ በጣቴ ስነካው ተነሳ። ንጹሕ የሆነው በሩቁ በኩል ያለ የትንሽ ጣት ስፋት ብቻ ነው። ባለ 44 ሚሊሜትር በር ገዝቼ ጭሱ የሚጠቀመው በሲሶው ነበር። በረሃ በቃል የነገረኝን ብረቱ ጽፎልኛል።

አዲሶቹ ቅርንጫፎች ከዋናው ቧንቧ በ30 ዲግሪ አካባቢ ይገነጠላሉ፤ በመታጠፊያው ውጫዊ ጎን። ሁለት ባለ 44 ዌስትጌት ሆኑ፤ የሚወጣው ጭስ ከተርባይኑ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ከዋናው ማውጫ ጋር በለዘበ ማዕዘን ይገናኛል። ቱርቦውን ስምንት ዲግሪ ብቻ ሳዞረው የመሪው ዘንግ ነጻ ሆነ። አርጎን፣ ካርቶኑ አምስት ጊዜ ተቆርጦ ተጥሏል፤ ስቴይንለሱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቆረጠው።

በዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ በስፕሪንጉ ብቻ ነዳነው። 3800 ላይ 0.7 ባር ደርሶ እስከ 7800 ድረስ ከ0.69 በታች አልወረደም፣ ከ0.73 በላይ አልወጣም። በጎማ ላይ 312 የፈረስ ጉልበት። ከዚያ በመቆጣጠሪያው ወደ 1 ባር ከፍ አደረግነው፤ 374 ሆነ፤ መስመሩ አሁንም ጠፍጣፋ ነው። ምጣኔውን 11 አካባቢ ያዝን። ከእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላዎች ቀዳሚው (መሪ የሚባለው) እሳቱ በ1 ባር 12 ዲግሪ ቀድሞ ይነሳል፤ ተከታዩ ከእሱ 13 ዲግሪ ይዘገያል። ካንዴላዎቹን አራቱንም ቀዝቃዛ የሆነውን 9 ቁጥር አድርጌያለሁ፤ ፋብሪካው ለመሪዎቹ 7 ነበር የሚያዝዘው። በታንከሩም በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን 10 ሚሊሊትር የሁለት ምት ዘይት እጨምራለሁ፤ የሮተሩን ጫፎች የሚያለሰልሰው እሱ ነው።

ከፍ እናድርገው ብለው ዳይኖው ጋ ያሉ ሰዎች ገፋፍተውኝ ነበር። ቱርቦው ብዙ ይቀረዋል፤ ነዳጁም ይበቃል። እምቢ አልኩ። ከማደያ በሚቀዳ ቤንዚን፣ በ2 ሚሊሜትር አፔክስ ሲል፣ 1 ባር ለእኔ በቂ ነው።

በረሃ፣ ከመብራት ስነሳ ስለማጣው ጉልበት የተናገርከው እውነት ነው። ከ3000 በታች መኪናው ጸጥ ያለ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ፤ አንተ ግን ያንተን እንዳትነካው።

የናፍጣ ሰው

እሰይ፣ የእኔ ልጅ። የማኒፎልዱን ዳዶዎች ከአሥር ጊዜ ያህል ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። ጋርኒሲዮኑ ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ላይ የጠበቀው ይላላል። ስታጠብቅ ሞተሩ የቀዘቀዘ ይሁን።

አርጎን

ከዚያ በፊት አንድ ፍተሻ ጨምርልኝ። ቅርንጫፉ ከዋናው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ጠባብ ማዕዘን፣ ውስጠኛውን ጎን፣ በቀይ ሰርጎ ገብ ቀለም ፈትነው። የመጀመሪያው ስንጥቅ ከመጣ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ በዓይን ደግሞ አይታይም።

ሮተር ሁለት

ዛሬ 1100 ኪሎ ሜትር ከነዳሁት በኋላ አውርጄ ፈተንኩት። ቀዩን ቀለም ቀባሁ፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ጠረግሁ፣ ስንጥቅ ካለ ቀዩን መልሶ የሚያወጣውን ነጭ ነፋሁበት። ሁለቱም ማዕዘኖች ነጭ እንደሆኑ ቀሩ። ከዳዶዎቹ ሁለቱ ላልተው ነበር፤ በቀዝቃዛ ሞተር አጥብቄያቸዋለሁ። የመመለሻውን ቱቦ ደግሞ በኩባያ እንደገና ፈትኜ ገጠምኩት። ለጀማሪ የተሰነጠቀውን ቁራጭ ከሁሉም አቅጣጫ አንስቼ ከነልኬቱ አሁን እዚህ ሥር እለጥፋለሁ።